«ስልኩ ይመልስልሻል» ብለን የሸሸናት ጥያቄ

የሂስ ዓምዳችን አብዛኛውን ጊዜ አንድ መጽሐፍ ወይም አንድ ድራማ ይዞ ይቀርባል። የዛሬው ግን ትንሽ ለየት ይላል። በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በሞባይል ስልክ ለወጣቶች ስለ ሥነ ተዋልዶ ጤና የተሰጡ ትምህርቶችን ጎን ለጎን አስቀምጠን፣ የትኛው ለእኛ ተማሪዎች ይሠራል፣ የትኛውስ በአጠገባቸው አልፎ ይሄዳል የሚለውን ለመመዘን ሞክረናል። «ይኼ ደግሞ በጋዜጣ ላይ ይወራል እንዴ?» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። እኛም እንደናንተው አፍረን ነበር። ማፈራችን ያስከፈለንን ዋጋ ወደ መጨረሻው ላይ እንነግራችኋለን።

ሁርሊንግሃም ላይ የተከፈተው ሣጥን

ነገሩ የተነሣው ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ውስጥ ነው። ከካምፕ ለአጭር ሥልጠና የመጣን መምህራንና ከፍ ያለ ክፍል ተማሪዎች በአርግዊንግስ ኮዴክ መንገድ አቅራቢያ በተከራየናት አንዲት ክፍል አንድ ሳምንት ሰንብተናል። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከኬንያ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ጠበቃ ነው፤ ሰውዬው ፖለቲከኛም ነበሩ፣ የሞቱትም እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ኢስሊን ብቻ ለምታውቁ፣ ሁርሊንግሃም ጸጥ ያለ፣ ዛፍ የበዛበት፣ የቢሮና የክሊኒክ ሰፈር ነው።

ይህ ሰፈር ከርዕሳችን ጋር የሚገናኝባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2001 እዚሁ የተከፈተው የናይሮቢ የሴቶች ሆስፒታል ነው። ሆስፒታሉ የተደፈሩ ሰዎችን በነፃ የሚያክም ማዕከል አቋቁሞ በመላ ኬንያ ታውቆበታል። ሁለተኛው ቀድሞ ሊቨርፑል ቪሲቲ ይባል የነበረው፣ በኋላ ኤል ቪ ሲ ቲ ሄልዝ የተባለው የኬንያ ድርጅት ነው። ይህ ድርጅት በኤች አይ ቪ ምርመራና ምክር የታወቀ ሲሆን፣ ወጣቶች ስማቸውን ሳይናገሩ በነፃ የሚደውሉበት «ዋን ቱ ዋን» የሚባል የ1190 መስመር ከፍቶ ነበር። እንግዲህ «ስልክ ወጣቱን ያስተምራል» የሚለው ሐሳብ ከዓመታት በፊት የተሞከረው እኛ ከተቀመጥንበት ወንበር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ላይ ነው ማለት ነው።

በሥልጠናው የመጀመሪያ ቀን አንድ የካርቶን ሣጥን በር ላይ አስቀመጥን። «ማንም ስሙን አይጽፍም፤ የፈለጋችሁትን ጠይቁ» አልን። ሁለትና ሦስት ወረቀት ቢገኝ ብለን ነበር የጠበቅነው። ማታ ስንከፍተው ሣጥኑ ሞልቷል ማለት ይቻላል። አንዳንዱ እጅ ጽሑፉ እንዳይታወቅበት በግራ እጁ የጻፈ ይመስላል። ከጥያቄዎቹ ጥቂቶቹ እነዚህ ናቸው።

«ኪኒን የወሰደች ልጅ ሁለተኛ አትወልድም ይባላል። እውነት ነው?»
«አዲስ አበባ ፖስት ፒል የምንለውን እዚህ ፋርማሲ ፒ ቱ ይሉታል። አንድ ነው ወይስ ሌላ?»
«ወንድ ልጅ ኮንዶም ከያዘ ዱርዬ ነው?»
«አንድ ሰው በግድ ቢደፍረኝ መጀመሪያ የምሄደው ፖሊስ ጋ ነው ሐኪም ጋ?»

እነዚህ የልጆች ቀልድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2022 በኬንያ በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጃገረዶች 15 በመቶዎቹ አርግዘው ያውቃሉ፤ በሳምቡሩ ካውንቲ ደግሞ ቁጥሩ 50 በመቶ ደርሷል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ያገኘው 13 በመቶ ነው። ሳይጠየቅ የቀረ ጥያቄ የት እንደሚደርስ እነዚህ ቁጥሮች ይናገራሉ።

ሹጋን ስናይ

በሁለተኛው ቀን «ሹጋ»ን አየን። ድራማው በኤም ቲ ቪ የበጎ አድራጎት ክንድ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2009 የወጣ ሲሆን ታሪኩ የተቀመጠው እዚሁ ናይሮቢ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ዙር ሦስት ክፍል ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ኦስካር ያገኘችው ሉፒታ ኒዮንጎ አይራ የምትባለውን ወጣት ሆና ተጫውታለች። አይራ ወንድ ጓደኛ እያላት ዕድሜውም ኪሱም ከፍ ካለ ሰው ጋር ትገባለች። «ሹገር ዳዲ» የሚባለውን እኛም እናውቀዋለን።

እንደ ድራማ ከመዘነው ሹጋ ጎበዝ ሥራ ነው። ትምህርቱን በዱላ አይሰጥም። ሐኪም ነጭ ጋዎን ለብሶ ብቅ ብሎ «ወጣቶች ሆይ!» አይልም። ሰዎቹ ይዋሻሉ፣ ይፈራሉ፣ ምርመራ ለማድረግ ይወስኑና ደጃፉ ላይ ይመለሳሉ። ተማሪዎቻችን ሲስቁ፣ ከዚያ በድንገት ጸጥ ሲሉ አይተናል። ያ ጸጥታ ብዙ የክፍል ትምህርት የማያመጣው ነገር ነው።

ይሁን እንጂ የእኛን ልጆች የማያገኝበት ቦታም አለ። የሹጋ ናይሮቢ የዳንስ ቤት፣ የመኪና፣ የማስታወቂያ ድርጅትና የዘመናይ አፓርታማ ናይሮቢ ነች። ፊልሙ እንዳለቀ አንዲት ተማሪ እጇን አንሥታ የተናገረችውን ሁላችንም ማስታወሻችን ላይ ጽፈነዋል። «አይራ የምትመርጠው ከሁለት ወንድ ነው። እኛ ጋ ምርጫው ከአንድ ሰውና ከባዶ ድስት ነው» አለች። ራሽን በተቀነሰበት ወር የስልክ ካርድ የሚሞላ፣ ዱቄት የሚያመጣ፣ «እኅቴ፣ አይዞሽ» የሚል ትልቅ ሰው ሲመጣ ልጅቷ የምትመዝነው ፍቅርን አይደለም። ይህን ሹጋ አላየውም። ሊያየውም አልተሠራም። ጥፋት ነው አንልም፤ ግን ድራማውን ለካምፕ ተማሪ ስናሳይ ይህን ጉድለት የሚሞላ ሰው ፊት ለፊት መቆም አለበት።

ደግነቱ ሰው ቆሞ ነበር። ክርክሩ ከፊልሙ በላይ ረዘመ። ወንዶቹ «ጥፋቱ የእሷ ነው» ብለው ጀመሩ። አንዱ ግን «ለምንድነው ሰውዬውን ማንም የማይወቅሰው?» ብሎ ጠየቀና ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ቡና እስኪቀርብ ድረስ አልበረደም።

ይህ የእኛ ገጠመኝ ብቻ አይደለም። የሹጋ ሦስተኛው ዙር የተሠራው ናይጄሪያ ውስጥ ነው። ተመራማሪዎች እዚያው ናይጄሪያ ለአንዳንድ ሰፈሮች ወጣቶች ሹጋን፣ ለሌሎቹ ደግሞ ስለ በሽታው የማያነሣ ሌላ ድራማ አሳይተው አወዳደሩ። ከወራት በኋላ ሹጋን ያዩት ኤች አይ ቪ ለመመርመር የሄዱት ካላዩት እጥፍ በሚጠጋ ቁጥር ነበር። እዚህ ላይ ልብ በሉ! ያዩት ለየብቻ በስልካቸው አይደለም። በሰፈር አዳራሽ፣ አንድ ላይ ተሰብስበው ነው።

160 ፊደልና 70 ፊደል

ወደ ስልኩ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2010 ኤፍ ኤች አይ የተባለው ድርጅት በኬንያና በታንዛኒያ «ኤም ፎር አር ኤች» የሚባል የአጭር መልእክት አገልግሎት ጀመረ። አሠራሩ ቀላል ነበር። ስሙን ጽፈህ ወደ አንድ አጭር ቁጥር ትልካለህ፤ ዝርዝር ይመጣልሃል፤ ለኪኒን፣ ለመርፌ፣ ክንድ ውስጥ ለሚቀበረው፣ ለሉፕ፣ ለኮንዶም ለየብቻው መለያ ቁጥር አለው። የፈለግኸውን ቁጥር ስትልክ ስለ ዘዴው አጭር መግለጫ ይደርስሃል። በአቅራቢያህ ያለ ክሊኒክም ፈልጎ ይነግርሃል። ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ተራ የቁልፍ ስልክ ይበቃል። ፊት ለፊት ለመጠየቅ ለሚያፍር ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከተጠቃሚዎቹ አብዛኞቹም ወጣቶች ነበሩ፤ ወንዶችም ጥቂት አልነበሩም።

ታዲያ ውጤቱ ምን ሆነ? ኬንያ ውስጥ በተደረገ ጥናት አገልግሎቱን ያገኙት ሰዎች ስለ መከላከያ ያላቸው ዕውቀት ከሌሎቹ በልጧል። በተግባር መከላከያ በመጠቀም ግን ጉልህ ልዩነት አልታየም። እኛ በዚህ አንገረምም። ማወቅና ማድረግ መካከል አንድ ረጅም መንገድ አለ፤ በመንገዱ ላይ እናት፣ ባል፣ ቄስና ሼህ፣ የክሊኒክ ነርስ ፊት፣ የማታቱ ሒሳብ ይቆማሉ። 160 ፊደል እነዚህን ሁሉ አልፎ አይሄድም።

ስለ ፊደል ካነሣን፣ አንድ የቴክኒክ ነገር ተማሪዎች ብታውቁት ይጠቅማል። አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል 160 ምልክት ይይዛል። በግእዝ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ብቻ ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ፊደላችን በስልኩ አሠራር ሰፋ ያለ ቦታ ይወስዳል። በዚያ ላይ የዚያን ዘመን ስልኮች ብዙዎቹ ፊደላችንን ጨርሶ አያሳዩም ነበር፤ የሚመጣው የአራት ማዕዘን ሰልፍ ነው። «አማርኛ ለስልክ አይመችም» የሚለው ሰበብ ከዚህ ይነሣል።

እኛ ግን ቆጠርነው። «ኪኒኑን ስታቆሚ መውለድ ትችያለሽ።» ይህ ዐረፍተ ነገር ክፍት ቦታውንና አራት ነጥቡን ጨምሮ 21 ምልክት ነው። ፊደላችን ተነባቢንና አናባቢን በአንድ ምልክት ስለሚያጭቅ 70 ቦታ ውስጥ እንዲህ ያለ ሦስት ዐረፍተ ነገር ይገባል። ስለዚህ ቦታ አልጠበበም። የዛሬ ስልክ ደግሞ ፊደላችንን ያሳያል። የጠፋው ስደተኛውን በቋንቋው አስቦ የሚጽፍለት ሰው ነው። የኤም ፎር አር ኤች ቋንቋ እንግሊዝኛና ስዋሂሊ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር መጥታ ካኩማ የገባች የ16 ዓመት ልጅ በዚያ ሥሌት ውስጥ አልነበረችም። አገሯ ብትሆንስ? ከምርጫ 97 በኋላ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ መስከረም 2007 በኢትዮጵያ የአጭር መልእክት አገልግሎት ተዘግቶ ነበር። ጎረቤቶቻችን በቴክስት መማማር በሚለምዱበት ዘመን የእኛ ወጣት ቴክስት አልነበረውም።

ሬዲዮው የት ሄደ?

ይህን ስንል «አገራችን ባዶ ነበረች» ማለታችን አይደለም። ከመምህራኑ መካከል ዕድሜያቸው ገፋ ያለው «የቀን ቅኝት»ን ሲያስታውሱ ፊታቸው በራ። ይህ የሬዲዮ ተከታታይ ድራማ በፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በኢትዮጵያ ሬዲዮ በ257 ክፍል ተላልፏል። ፍቅርተ የምትባለዋን ገጸ ባሕርይ ሰፈርተኛው እንደ ጎረቤቱ ልጅ ያውቃት ነበር። አዘጋጆቹ ከ15,000 በላይ ደብዳቤ ከአድማጮች ደርሷቸዋል። ድርጅቱ ራሱ ባደረገው ጥናት፣ አድማጭ ወንዶች ካላደመጡት በአራት እጥፍ፣ ሴቶቹ ደግሞ በሦስት እጥፍ የኤች አይ ቪ ምርመራ አድርገዋል። በዚያው ዘመን «ወገን» የሚባለው የ952 መስመርም ነበር፤ ስምህን ሳትናገር፣ በነፃ፣ በአማርኛ ትጠይቅበታለህ።

የሬዲዮ ድራማው ስልት ከሜክሲኮው የቴሌቪዥን ሰው ከሚጌል ሳቢዶ የመጣ ነው። በስልቱ መሠረት አንድ በጎ ሰው፣ አንድ መጥፎ ሰውና በሁለቱ መካከል የሚዋልል ሰው ይቀመጣሉ። አድማጩ ራሱን ከሚዋልለው ጋር ያያይዛል። ብልህ ስልት ነው። ሂሳችን ግን እዚህ ላይ ነው። መጥፎው ሁልጊዜ መጨረሻው ሲከፋ፣ አድማጩ በሽታን ከቅጣት ጋር ማገናኘት ይለምዳል። «የታመመ የሠራውን ያውቃል» የሚለው ሐሜት ከዚህ ዓይነት ትረካ ጭምር ጉልበት ያገኛል። ክፍላችን ውስጥ ከቫይረሱ ጋር የተወለደ ተማሪ ቢኖር ምን ይሰማዋል? ድራማ የሚጽፉ ተማሪዎቻችን ይህን አስቡበት።

ሆኖም ከሦስቱ ሁሉ ለእኛ የቀረበን የትኛው ነው ብትሉን፣ የቀን ቅኝት ነው። ምክንያቱ ቋንቋው ብቻ አይደለም። ቤተሰቡ አንድ ላይ ያደምጠው ነበር። እናት በቀጥታ ለልጇ መናገር የማትችለውን ፍቅርተ ትናገርላታለች፤ እናት ደግሞ «አየሽ አይደል?» ብላ ቡናዋን ትቀዳለች። ያ «አየሽ አይደል?» ነው ትምህርቱ።

ስልኩ የማን ነው?

ስልክ ላይ የሚሠሩ ትምህርቶች ሁሉ አንድ ነገር በዝምታ ይገምታሉ፤ ተማሪው የራሱ ስልክ አለው ብለው። ካምፕ ውስጥ ይህ ግምት ብዙ ጊዜ ይፈርሳል። ስልኩ የአባት ነው፣ የታላቅ ወንድም ነው፣ አንዳንዴም የሦስት ቤተሰብ ነው። ሲም ካርዱ መታወቂያ ባለው በሌላ ሰው ስም የወጣ ሊሆን ይችላል። ባትሪው የሚሞላው ሰው በሚበዛበት ሱቅ ነው፤ እዚያ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ መልእክት ሲገባ ማንም ያነበዋል። «ምሥጢራዊ አገልግሎት» የሚለው ቃል ምሥጢሩ ከሰጪው በኩል እንደሚጠበቅ እንጂ ከቤት ውስጥ እንደሚጠበቅ አያረጋግጥም።

ዛሬ ደግሞ በዋትስአፕ የሚመልስ፣ እንደ ሰው የሚያወራ የኮምፒውተር ፕሮግራምም መጥቷል። ፍጥነቱ ያስደንቃል። ነገር ግን ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ያው የድሮው ጥያቄ ነው፤ ስልኩ የማን ነው? ጥያቄውስ ተነቦ የሚቀረው የት ነው?

ሌላው ነገር ገንዘቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በአዲስ አበባ የተጀመረው «የኛ» የተባለው የልጃገረዶች የሬዲዮ ድራማና የሙዚቃ ቡድን በአማራ ክልልም ብዙ አድማጭ ነበረው። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ግን የብሪታንያ መንግሥት፣ በአገሩ ጋዜጦች ከባድ ትችት ከደረሰበት በኋላ፣ ድጋፉን አቋረጠ። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ የአሜሪካው የተራድኦ ድርጅት ራሱ ተዘጋ፤ በምሥራቅ አፍሪካ ብዙ የጤና ሥራ በእሱ ላይ የቆመ ነበር። በውጭ ገንዘብ የቆመ መስመር አንድ ቀን ሊዘጋ ይችላል። መምህሩ ግን ነገ ጠዋትም ክፍል ይገባል። ይህን የምንለው ዕርዳታን ለማጣጣል አይደለም። ዕውቀቱ በመስመሩ ላይ ብቻ ከቀረ፣ መስመሩ ሲዘጋ አብሮ እንደሚዘጋ ለማስታወስ ነው።

እኛስ?

እስካሁን ሌሎችን ገመገምን። አሁን ወደ ራሳችን።

ከሁርሊንግሃሙ ሥልጠና በፊት ባለው ዓመት ነው። አንዲት ተማሪያችን ትምህርት ካለቀ በኋላ ክፍል ውስጥ ቀርታ «ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?» አለች። ስለምን እንደሆነ ከአቀራረቧ ገባን። ፈራን። «ወላጆች ምን ይላሉ? ማኅበረሰቡ ምን ይላል?» አልንና የአንድ የስልክ አገልግሎት ቁጥር በወረቀት ጽፈን ሰጠናት። «እዚህ ላይ ጻፊ፤ ስልኩ ይመልስልሻል» አልናት። አገልግሎቱ ከላይ ስሙን ካነሣናቸው አንዱም አይደለም፤ ጥፋቱም የእሱ አልነበረም።

ልጅቷ የወንድሟን ስልክ ተውሳ ጻፈች። መልሱ በእንግሊዝኛ መጣ። ግማሹን አልገባትም፤ «ለመምህር አሳያለሁ» ብላ ሳታጠፋው ስልኩን መለሰች። ወንድሟ አነበበው። ከመልእክቱ ውስጥ የገባው ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ «እርግዝና» የሚለው። ማታውኑ ቤቱ ተረበሸ። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ቀረች። እኛ የሰማነው ከሳምንት በኋላ ነው። አንዲት የእናቷ ጓደኛ የሆኑ እትዬ ገብተው ነገሩን እስኪያበርዱት ድረስ አንድ ሙሉ ተርም አለፈ።

ጥያቄዋ ምን እንደነበር ኋላ ላይ ለአንዷ መምህርት ነገረቻት። የወር አበባዋ ሁለት ወር ቀርቶባት ነበር። ከወንድ ጋር ተኝታ አታውቅም። «ሳልነካ ማርገዝ እችላለሁ ወይ?» ነበር ጥያቄው። መልሱ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነበር። አትችዪም። በጉርምስና ዕድሜ የወር አበባ መዛባት የተለመደ ነው፤ ረሃብ፣ ጉዞና ጭንቀትም ያስቀሩታል፤ ለሦስት ወር ከቀረ ወደ ክሊኒክ መሄድ ጥሩ ነው። ይኸው ነበር። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ልጅቷ ተመልሳለች። ትማራለች። ግን ክፍል ውስጥ እጇን አታነሣም። «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ አባቶቻችን። በሌላ ነገር እውነት ይሆናል። በዚህ ነገር ግን የእኛ ዝምታ ነቅዟል፤ የነቀዘውንም የበላችው እሷ ነች።

እንግዲህ ሂሳችን ተጠቃሎ ሲነገር ይህ ነው። ስልኩ መጥፎ አስተማሪ አይደለም። መጥፎ የሚሆነው መምህሩ ከኋላው ሲደበቅበት ነው። እኛ ቴክኖሎጂን የተጠቀምነው ለማስተማር አልነበረም፤ ላለማስተማር ነበር።

ምን እናድርግ?

በሁርሊንግሃም የመጨረሻው ቀን በአራት ነገር ተስማምተናል። አንደኛ፣ በየትምህርት ቤቱ የጥያቄ ሣጥን ይቀመጥ፤ በየሳምንቱ ይከፈት፤ ስም አይጠየቅ። ሁለተኛ፣ ድራማም ሆነ ቪዲዮ በቡድን ይታይ፤ ከዚያም ውይይት ይኑር፤ መጀመሪያ ሴቶችና ወንዶች ለየብቻ፣ ቀጥሎ አንድ ላይ። ሦስተኛ፣ ማንኛውንም የስልክ አገልግሎት ለተማሪ ከመስጠታችን በፊት መምህሩ ራሱ ይሞክረው፤ በምን ቋንቋ እንደሚመልስ ይይ፤ ለተማሪውም መልእክትን እንዴት እንደሚያጠፋ ያሳየው። አራተኛ፣ ከወላጆች ጋር አስቀድመን እንነጋገር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት እነሱ ራሳቸው ናቸው ያስተማሩን።

ሣጥኑ ውስጥ የነበሩትን ጥያቄዎች ደግሞ ሳንመልስ ብንሄድ ያው የድሮው ጥፋት ይሆናል። ስለዚህ፦

ኪኒን መሃን አያደርግም። ሲቆም መውለድ ይቻላል። መርፌው ካቆሙት በኋላ ጥቂት ወራት ሊያዘገይ ይችላል፤ ያም ያልፋል።

ፖስት ፒልና ፒ ቱ ሥራቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ድንገተኛ መከላከያ ናቸው። በቶሎ በተወሰደ ቁጥር ይበልጥ ይሠራል፤ ከ5 ቀን በኋላ ዋጋ የለውም። ኤች አይ ቪን አይከላከልም። የየጊዜው መከላከያ አድርጎ መጠቀምም አይመከርም።

ኮንዶም የያዘ ወንድ ዱርዬ አይደለም። ስለ ራሱም ስለ ሌላውም ያሰበ ሰው ነው። መታቀብን የመረጠም እንዲሁ ሊከበር ይገባዋል።

የተደፈረ ሰው፣ ሴትም ይሁን ወንድ፣ መጀመሪያ ወደ ሕክምና ይሂድ። ኤች አይ ቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ቢሆን ይሻላል። ቢቻል ሳይታጠብና ልብሱን ሳይጥል ይሂድ፤ ለማስረጃ ይጠቅማል። ፖሊስ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ጥፋቱ የተደፈረው ሰው አይደለም፤ በምንም መንገድ አይደለም።

ውድ አንባብያን፣ ከዚህ የተለየ አስተያየት ያላችሁ፣ በተለይ «መምህራኑ ተሳስተዋል» የምትሉ ወላጆች፣ ጻፉልን። ጽሑፋችሁን በሚቀጥለው ዕትም እናወጣዋለን። ተማሪዎች ደግሞ ሣጥኑ በር ላይ ነው። በግራ እጅም ቢጻፍ ይነበባል።

ቸር ይግጠመን።